የበቅሎዋ ክሌም

ወረኢሉ ላይ መኪና ተጋጨ ሲባል ከትራፊክ ፖሊስ በፊት ሽማግሌ ይደርሳል። ይህችን ያዙልኝና ስሙኝ፤ የነገሩ ሁሉ ውል እሷ ላይ ነው የተቋጠረው።

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። እናቴን ልጠይቅ ከደሴ በማለዳ ተነሣሁ። ጉጉፍቱን የወጣ ያውቀዋል፤ ጉሙ ሲወርድበት የገዛ መኪናህ ኮፈን ይጠፋሃል፤ ከፊትህ የሚመጣው አይሱዙ ይሁን የበግ መንጋ የምትለየው በድምፁ ነው። ያን ዳገትና ቁልቁለት በመብራትና በጸሎት ተሻግሬ፣ ካቤን አልፌ፣ ወረኢሉ መግቢያ ስደርስ ፀሐይዋ ገና ውርጩን እያራገፈች ነበር። በዚያ ሁሉ ገደል አንዲት ጭረት ሳትነካኝ መጥቼ የተመታሁት ሜዳ ላይ ነው። ያውም ቆሜ!

የገበያ ቀን ነበር። በገበያ ቀን መንገዱ የባለ አህያው ነው፤ ባለ መኪና እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ ይታገሣል። በጎች እስኪሻገሩልኝ ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ከፊቴ ባና የደረቡ ሽማግሌ በቅሎ ይስባሉ፤ በቅሎዋ ግራና ቀኝ ሁለት ስልቻ ገብስ ተጭናለች። ከኋላዬ የደረሰው ባጃጅ ግን መታገሥ አልሆነለትም፤ ጡሩምባውን ለቀቀው። በቅሎዋ ሁለቱንም ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኛች። የገጠር ልጅ ነኝ፤ በቅሎ ጆሮዋን ስታስተኛ ምን እንደሚከተል አላጣሁትም። ግን ሞተሩ ጠፍቷል፣ ከኋላዬም ባጃጅ አለ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ መጣችና በሁለት እግሯ ተወነጨፈች።

የግራው የፊት መብራት ረገፈ። ፓራፋንጎው የሰሐን ያህል ጎደጎደ። አንዱ ስልቻ ተተርትሮ ገብሱ ኮፈኑ ላይ እንደ በረዶ ወረደ። ባጃጁስ? ባጃጁ ዞሮ ሄዷል፤ እስከ ዛሬም አላየሁት።

ሰው ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ወዲያው ተከበብን። አንድ ጎረምሳ መስተዋቴ ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን ስቲከር እያመለከተ «ምን ያስጨንቀዋል፣ ኢንሹራንስ አለው!» አለ። ይህን ስህተት ከጎረምሳው የተሻለ የተማረ ሰውም ሲሳሳተው ሰምቻለሁ። ያ ስቲከር ባለ መኪናው ለሚጎዳው ሌላ ሰው ነው፤ ለራሱ መኪና አንዲት አምፖል አይገዛም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ያለ እሱ መንገድ ላይ መውጣት ክልክል ነው። በዚያ ጊዜ ጣሪያው ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት በሰው እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ነበር። እንግዲህ ገምቱት፦ እኔ በቅሎዋን ብገጫት ኖሮ ሽማግሌው ካሳ የሚጠይቁበት ደጅ ነበራቸው፤ በቅሎዋ እኔን ስትረግጠኝ ግን ስቲከሩ ዞር ብሎም አያየኝም። ደግነቱ መኪናዋን በባንክ ብድር ስለገዛኋት ባንኩ ሙሉ ኢንሹራንስ አስገብቶኝ ነበር። ግዴታ ባይሆንብኝ አልገባም ነበር፣ ምን ይደበቃል።

ሽማግሌው ልጓሙን እንደያዙ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ» አሉ። አላጠፉም፤ ያጠፋው ባጃጁ ነው። እኛ አገር ግን ማን አጠፋ የሚለው ኋላ ይደረስበታል፤ መጀመሪያ «አጥፍቻለሁ» ይባላል። ይህን ባለ ሰው ላይ ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግበትም፤ እኔም አፌ ላይ የደረሰውን ዋጥኩት።

ከሻይ ቤቱ ደጃፍ ሦስት ሰዎች ተነሥተው መጡ፦ አንድ ሼኽ፣ አንድ ቄስ፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር። የጠራቸው የለም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ እኛንም አስቀመጡን። በቅሎዋ ቆማ ትሰማለች።

ወረኢሉ ለበቅሎ እርግጫ አዲስ አይደለችም። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የጦር ሰፈር ያደረጓት ከተማ ናት፤ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ክተት ሲያስነግሩም የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ከትቶ እንዲጠብቃቸው የቀጠሩት እዚሁ ነው። ያን ጥቅምት ይህን ሜዳ የሞላው የጭነት በቅሎ ስንት ድንኳን፣ ስንት ጋን፣ ስንት የሰው ጉልበት ረግጦ ይሆን? እኔ የተረገጥኩትም በጥቅምት ነው።

ሼኹ «ምን ያህል ያስወጣል?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ፣ ሰባት ስምንት ሺህ።»

ሰው አጉተመተመ። ሽማግሌው «ሁለት በግ አለኝ፣ ዛሬ ይሸጣል፤ ለቀረው ጊዜ ይስጠኝ» አሉ። ቄሱ እኔን አዩኝ። አስተያየታቸውን ብታዩልኝ! ቃል አልተነፈሱም፤ ዓይናቸው መጀመሪያ መኪናዬን፣ ቀጥሎ የሽማግሌውን ባዶ እግር፣ ከዚያ እኔን ዞረ።

«አፉ ብያለሁ» አልኩ።

«ከልብህ?»

«ከልቤ።»

ሽማግሌው ጉልበቴን ሊስሙ ሲያጎነብሱ ቀድሜ ትከሻቸውን ሳምኩ። ሼኹ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ አሳረጉ፤ አሚንና አሜን አንድ ላይ ወጣ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ። መምህሩ ግን «ነገር በቃል አይቀመጥም» ብለው ከደብተር አንድ ቅጠል ቀደዱ። ጽሕፈታቸው ያስቀናል። ስሜን፣ ስማቸውን፣ ዳማ በቅሎ መሆኗን ሳይቀር ከጻፉ በኋላ፣ በበቅሎዋ ምክንያት ለደረሰብኝ ጉዳት ዛሬም ሆነ ወደፊት ከባለቤቷ አንዳች ካሳ እንዳልጠይቅ፣ ይህን ያፈረሰም 1,000 ብር ገደብ እንዲከፍል አሠፈሩ። ፈረምኩ። ሦስቱም በእማኝነት ፈረሙ፤ ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ወረቀቱን አጥፌ ከሊብሬው ጋር አስቀመጥኩት። ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ ነበር።

ትራፊኩ የደረሰው የእርቁ ቡና ቶና ላይ ሲሆን ነው። «ታርቃችሁ የለ፣ ምን ልጻፍ?» አለ። ለኢንሹራንስ ያስፈልገኛል ብዬ ለመንኩት። ሜትር አወጣ፣ ፕላን አነሣ፤ መኪናዋን ሣጥን አድርጎ ሣላት። በቅሎዋ ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። የበቅሎ ምልክት አልተማረም መሰለኝ። ብዙ አሰበና ክብ አደረጋት፤ ከሥሯም «እንስሳ» ብሎ ጻፈባት።

በሦስተኛው ቀን ደሴ፣ የኢንሹራንሱ ቅርንጫፍ ቢሮ ነኝ። የማን ኢንሹራንስ እንደሆነ አልናገርም። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ በሱ ዘመን ቢሆን ስም መደበቅ አያስፈልገኝም ነበር፣ አንድ ቤት ብቻ ነውና። ደርግ በ1967 አሥራ ሦስቱን ኩባንያዎች ወርሶ የኢትዮጵያ መድን ድርጅትን ካቆመ ወዲያ፣ በ1986 የግል ኩባንያ እስኪፈቀድ ድረስ ሌላ ደጅ አልነበረም። ዛሬ ካንዱ ተቀይመህ ወደ ሌላው ትሄዳለህ። ከሕጉ ግን አትሸሽም፤ ሁሉም ጋ ያው ነው፤ ወደሱ እመጣለሁ።

ውሌ አደጋ በደረሰ በአምስት ቀን ውስጥ አሳውቅ ይላል፤ ሁለት ቀን ተርፎኛል። የካሳ ጥያቄ የሚቀበለው ክሌም ክፍል ያለችው ልጅ ሰው አክባሪ ናት። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና የትራፊክ ሪፖርቱን ተቀበለችኝና ፎርም ሰጠችኝ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ፍጥነት። ፍጥነት በሚለው ላይ ዜሮ ጻፍኩ።

«ዜሮ ይባላል እንዴ ጋሼ?»

«ቆሜ ነበራ!»

ቀጥሎ ለአደጋው ተጠያቂው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር መጣ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባል የለ? እኔም እንደሷ ባጃጁን አልኩ፣ ጡሩምባውን አልኩ፣ ገበያውን አልኩ፣ የባለ በቅሎውን ስም ግን ዘለልኩ። ከዚያ ደግሞ ለሌላው ወገን የገቡት ቃል ወይም የፈረሙት ስምምነት አለ ወይ የሚል። ይህስ አለኝ! የመምህሩን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ እንደ ምስጋና ደብዳቤ ዘርግቼ ሰጠኋት።

አንብባ ስትጨርስ ብዕሯን ከደነች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ…» አለችና ተወችው። ወረቀቱን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች።

ሥራ አስኪያጁ የወሎ ሰው ነው፤ አስቀምጦኝ መጀመሪያ የእናቴን ጤና፣ ቀጥሎ የአዝመራውን ነገር ጠየቀኝ። ከዚያ የ1952ቱን የንግድ ሕግ ከመደርደሪያ አወረደ። አንቀጽ 683። (በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ ብዙው ተቀየረ፣ የኢንሹራንሱ ክፍል ግን የዱሮው እንዳለ ነው።) ወደ ሰው ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ ኢንሹራንሱ ለደንበኛው ከከፈለ በኋላ በደንበኛው ቦታ ተተክቶ ጉዳቱን ያደረሰውን ሰው መጠየቅ ይችላል። ደንበኛው በገዛ ሥራው ያን በር ከዘጋበት ግን ኢንሹራንሱም በሙሉ ወይም በከፊል ከመክፈል ነጻ ይወጣል።

«አፉ ያሉት የራስዎን ቢሆን ግድ የለም» አለኝ። «የኛን ነው አፉ ያሉብን።»

«ከኚያ ሽማግሌ ልትጠይቁ ነበር?»

«መብቱ አለን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 2071፣ እንስሳ ለሚያደርሰው ጉዳት ድንገት እንኳ ቢያመልጠው ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል።» ገጹን ዝቅ አድርጎ ሌላ አሳየኝ፤ የባለቤቱ የራሱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎጂው ለቅቆ ከዕዳው ነጻ መውጣት ይችላል። ይህን ሕግ ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር ነው። ወረኢሉ ገበያ የዋለ አይመስለኝም፤ በቅሎ ግን ያውቃል።

«እና በቅሎዋን ትረከቡ ነበር?»

ሳቀ። «ከአደጋ የተረፈ ዕቃ የምናስቀምጥበት የሳልቬጅ መጋዘን አለን፤ ጋጣ ግን የለንም።»

አትፍረዱበት፣ እኔም አልፈረድኩበትም። የሚከፈለኝ ገንዘብ እንደ ዕድር ሣጥን የብዙ ሰው መዋጮ ነው። የዕድራችን ዳኛ የሣጥኑን ገንዘብ ለባለዕዳ ምሬ መጣሁ ቢለን እኔም ዝም አልልም። ኢንሹራንስና ይቅርታ ያልተስማሙት እኛ ጋ ብቻም አይደለም። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ፤ ተጋጭተህ ስትወርድ ይቅርታ እንዳትል፣ አመንክ ይሉሃል ተብለው ተመክረዋል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2006 ይቅርታ ማለት ጥፋትን ማመን አይደለም፣ የኢንሹራንስ ሽፋንም አያሳጣም የሚል ሕግ አወጣች። ሰው ይቅርታ ለማለት ሕግ ሲወጣለት! ያ ሕግ እኛ ዘንድ ቢኖር እንኳ ለኔ አይደርስልኝም ነበር። ይቅርታማ የጠየቁት ሽማግሌው ናቸው፤ እኔን የጎዳኝ ይቅር ማለቴ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ግን በር አልዘጋብኝም። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን ቢሽሩትና ባለ በቅሎው ኃላፊነቱ የኔ ነው ብለው ቢፈርሙልኝ ፋይሉ እንደሚሄድ ነገረኝ። «ለፋይሉ ነው እንጂ ማንም አይሄድባቸውም» አለ። የኢንሹራንሱ ሰርቬየር ወጥቶ መኪናዋን አየ፤ ፓራፋንጎውን በጣቱ አንኳኳ፣ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሣ፣ የሰኮናው ምልክት ላይ ሜትር ዘረጋ። «ምን ያህል ትመዝናለች?» አለኝ። መኪናዋን መስሎኝ ነበር።

ከሦስት ጋራዥ ፕሮፎርማ ሰበሰብኩ፦ 11,200፣ 9,400፣ 8,750 ብር። የሦስተኛው ጋራዥ ላሚየራ ሠራተኛ «ማን መታህ?» ቢለኝ በቅሎ አልኩት። መዶሻውን አስቀምጦ ጓደኞቹን ጠራ። ፕሮፎርማው የረከሰልኝ ስላሳቅኋቸው ሳይሆን አይቀርም።

በሳምንቱ ባንድ ዓይና መኪናዬ ወረኢሉ ተመለስኩ። ሦስቱም እዚያው ሻይ ቤት ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ሼኹ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

«ገንዘብ የሚሰጡህ አፉ ካላልክ ነው?»

«እንዲያ ነው።»

«ዱዓ የተደረገበትን ነው የምትቀደው?»

መልስ አልነበረኝም። ቄሱ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። መምህሩ ተቆጡ፤ የተቆጡት ግን ለእርቁ አልነበረም፣ ለጽሕፈታቸው ነው። «የቱ ቃል ነው የተሳሳተው? አሳየኝ!» ይላሉ። አንዳች እንዳልተሳሳተ፣ እንዲያውም ችግሩ አንዲት ቀዳዳ ሳይተዉ መጻፋቸው መሆኑን ሳስረዳቸው ለዘብ አሉ። ሁለተኛ ሻይ አዘዙልኝ።

ሽማግሌው ተጠሩ። በቅሎዋን ይዘው ነው የመጡት። ያችው ዳማ ናት፤ ከመካነ ሰላም በኩል፣ ከቦረና ገዝተው ያመጧት፣ ለቤታቸው እንደ አንድ ወንድ ልጅ የምትሠራ። ሼኹ ነገሩን በአጭሩ ነገሯቸው፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አንዴም አላቋረጡ። ሲያበቃ ልጓሙን ዘረጉልኝ።

«እንካ ልጄ። ለባለ ገንዘቦቹ ውሰድላቸው። እርቁን ግን አትንካብኝ፤ እኔ ስሞት ልጆቼ ካንተ ጋር ይቀራሉ።»

ፊደል ያልቆጠሩት ሽማግሌ የፈረንሳዊውን አንቀጽ ቃል በቃል አነበቡልኝ። ልጓሙን አልያዝኩም፤ እሳቸውም እጃቸውን አልሰበሰቡም። ሻይ ቤቱ ዝም አለ። የገላገለችን በቅሎዋ ናት፤ ዝንብ ነክሷት ይሁን ነገሩ ሰልችቷት ራሷን ነቀነቀችና ልጓሙን ከእጃቸው አስጣለችው። አንሥቼ ለሳቸው መለስኩላቸው። «አባቴ፣ አንቱም በቅሎዎን ያዙ፣ ወረቀቱም ይቀመጥ» አልኩ። መምህሩ በእፎይታ መነጽራቸውን አወለቁ።

ደሴ ተመልሼ ያልተቀደደውን ወረቀት ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። የሆነውን ስነግረው ስለ ልጓሙ ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። «አዲስ አበባ እጽፋለሁ» አለ። ጻፈም። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ ገባ። እኔ በየሳምንቱ ስደውል ልጅቱ «ዋናው መሥሪያ ቤት ነው ጋሼ» ትለኛለች። መብራቱን ራሴ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አስመጥቼ አስገጠምኩ። በጉጉፍቱ ጉም ባንድ ዓይን መንዳት የማይሞከር ነው። ፓራፋንጎውን ያ ሳቂታ ላሚየራ ቀጠቀጠልኝ፣ ስቱኮ መታው፣ ቀለም ተቀባ። ያም ሆኖ ማታ ማታ ብርሃን በጎን ሲመታው የሰኮናዋ ቅርጽ ከቀለሙ ሥር ብቅ ይላል።

በጥር ደብዳቤ መጣ። ከ8,750 ብር ላይ በውሉ መሠረት በኔ ላይ የሚቀረው 1,500 ብር ኤክሰስ ተቀንሶ፣ የቀረው 7,250 በእርቁ ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ፣ 3,625 ብር እንዲከፈለኝ ተወስኗል። ግማሹን ኩባንያው፣ ግማሹን እኔ፤ ሽማግሌው ምንም። በዓመቱ ውሉን ሳድስ ደግሞ ክሌም ላላቀረበ የሚደረገው ቅናሽ ቀረብኝ። የመጓጓዣዬን፣ የስልኩን፣ የፎቶ ኮፒውን ብትደምሩት ምን እንደተረፈኝ ልጅቱም አልጠየቀችኝ፣ እኔም ቁጭ ብዬ አላሰላሁትም። የደብዳቤው መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ነበረች፦ ቼኩ የሚሰጠው የተሰበረው መብራት ለሳልቬጅ ሲመለስ ነው።

መብራቱን እናቴ ቤት ጥዬው ነበር። በማዳበሪያ ጠቅልዬ በሚኒባስ ይዤው መጣሁ። ረዳቱ «ዶሮ ከሆነ ላይ አይጫንም» ብሎ ጭኔ ላይ አስያዘኝ።

ልጅቱ መብራቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች። ካርኒ አወጣች፦ የፊት መብራት፣ የግራ፣ የተሰበረ፣ ብዛት 1። ቁጥር ልትለጥፍበት ገልበጥ ስታደርገው በስንጥቁ ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ ገብስ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«ይሄስ ጋሼ?»

«እሱ የሽማግሌው ነው።»

በጣቷ ሰብስባ ቆጠረችው፤ አሥራ አንድ ፍሬ ነው። ካርኒው ላይ አልጻፈችውም። የቢሮውን ፖስታ ከመሳቢያ አወጣች፣ ገብሱን ከተተች፣ በምላሷ አርጥባ አሸገችውና ከቼኩ ጋር ሰጠችኝ።

«ወረኢሉ ሲሄዱ ያድርሱላቸው» አለች።